ሻወርና ቧንቧ በጭቃ ቤት

በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል፣ ብዙ መኖሪያ ቤት የሚቆመው በባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ነው፤ ግድግዳው የጭድ ጭቃ ምርግ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ዝናብን ይችላል። የጣሪያው ክፈፍ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ይጥላል፣ የድንጋይ መሠረቱ ደግሞ የመሬቱን እርጥበት ያግዳል። ሻወር ሲጨመርበት ግን ውሃው ከውስጥ፣ በየቀኑና በአንድ ጥግ ላይ መምጣት ይጀምራል። ቤቱ ለዚህ አልተሠራም። ስለዚህ በጭቃ ቤት ውስጥ ሻወር ማስገባት የሚፈልግ ሰው ሴራሚክና ቧንቧ ከመግዛቱ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣና ካመለጠ የት እንደሚታይ ማሰብ አለበት።

ጭቃ ግድግዳ ውሃ ሲነካው ወዲያው አይፈርስም፤ ጉዳቱን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በመጀመሪያ ከወለሉ በላይ ያለው ልስን ጠቆር ይላል። ቀጥሎ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ይወጣበታል። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከምርጉ ተላቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጭዱ ይበሰብሳል፣ ጭቃው እየተፈረፈረ ይወርዳል፣ የቋሚው እግርም እርጥብ ሆኖ ይከርማል። ምስጥ እርጥብ እንጨት ይወዳል። ባለቤቱ ችግሩን የሚያየው ብዙውን ጊዜ በሻወሩ በኩል አይደለም፤ ከግድግዳው ጀርባ ባለው መኝታ ክፍል፣ አልጋ ሲነሳ ነው።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው ሴራሚክ ውሃ ያስቆማል የሚለው እምነት ነው። የሴራሚኩ ፊት ውሃ አያስገባም፤ በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል ያለው የሲሚንቶ ሙሊት ግን ያስገባል። ሙሊቱ ከዓመት ዓመት በሳሙና፣ በሙቀትና በግድግዳው እንቅስቃሴ ይሰነጠቃል፣ ውሃም በፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይሰርጋል። ውሃን የሚያስቆመው ከሴራሚኩ በታች የሚቀባው መከላከያ ነው። እሱ ሳይኖር የተለጠፈ ሴራሚክ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ እርጥበቱን ከኋላው ደብቆ ይይዛል። በጭቃ ላይ ደግሞ ሲሚንቶ ለስኖ ሴራሚክ መለጠፍ ከሁሉ የከፋ ነው። ጭቃው በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው ግን ደረቅና ግትር ነው። ሁለቱ አብረው አይንቀሳቀሱም፤ የሚለያዩበት ቦታ ደግሞ የውሃ መንገድ ይሆናል።

አዋጭው መንገድ ሻወሩን ከጭቃው ግድግዳ ማላቀቅ ነው። ቦታ ካለ በቤቱ ጎን በድንጋይ መሠረት ላይ በብሎኬት የቆመ ራሱን የቻለ ክፍል መሥራት፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከልም አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው ይሻላል። ክፍተቱ ከላይ በቆርቆሮ ካልተከደነ የዝናብ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ቦታ ከሌለና ሻወሩ የግድ ከውስጥ መግባት ካለበት፣ በሻወሩ በኩል ቢያንስ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከጭቃው ሳይጣበቅ ለብቻው ይነሳል። ወጪው ይጨምራል። ሆኖም አንድ የበሰበሰ ቋሚ ለመተካት ጣሪያ በድጋፍ ማቆም፣ ምርግ ማፍረስና እንደገና መምረግ ከጥቂት ደርዘን ብሎኬት በላይ ገንዘብ ይፈጃል።

ወለሉ ከመኝታ ክፍሉ ወለል ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይፈሰሳል፤ በሩ ሥር ደፍ ይደረግለታል። ወደ ፍሳሽ መውረጃው የሚያደርሰው ተዳፋት በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ውሃ በወለሉ ላይ ይቋጥራል፤ ከዚያ በጣም ከበዛም እርጥብ ሴራሚክ ላይ የቆመ ሰው ይንሸራተታል። ተዳፋቱ የሚሠራው በታችኛው ሲሚንቶ ነው። በሴራሚክ ማጣበቂያው ውፍረት ተዳፋት ለማምጣት የሚሞከርበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ከሴራሚኩ በታች የገባው ውሃ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቀመጣል።

መከላከያው በዱቄትና በፈሳሽ ተለይቶ የሚሸጥ፣ ሲደባለቅ እንደ ቀጭን ገንፎ የሚሆን፣ ሲሚንቶ ያለበት ቅባት ነው። በብሩሽ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ የመጀመሪያው በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያውን አቋርጦ፣ ብሩሹ የሳተው ቦታ እንዲሸፈን። ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ዙሪያውን የጨርቅ ጥብጣብ በቅባቱ መካከል ይቀበርበታል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ያ ጥግ ነውና። በደረቁ ግድግዳዎች ላይ ቅባቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ውሃ በቀጥታ በሚመታቸው ግድግዳዎች ላይ እስከ 2 ሜትር ይወጣል። በፍሳሽ መውረጃው አፍ ዙሪያ ቅባቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ መግባት አለበት። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህች ስፍራ ላይ ነው፤ ቅባቱ በመውረጃው ጠርዝ ላይ ይቆምና ሲሚንቶውና ፕላስቲኩ ሲላቀቁ ቀለበት የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል።

ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ፍተሻው መዘለል የለበትም። መውረጃው በጨርቅና በላስቲክ ተጠቅጥቆ ይዘጋል፣ ወለሉ ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል፣ የውሃው ከፍታ በግድግዳው ላይ በእርሳስ ይሠመርና 24 ሰዓት ይቆያል። ውሃ በትነትም ስለሚቀንስ ከጎኑ በሳህን ውሃ አስቀምጦ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። የወለሉ ውሃ ከሳህኑ ይልቅ ከቀነሰ ቀዳዳ አለ። ባለሙያው ሥራውን አስረክቦ ከመሄዱ በፊት ይህን አንድ ቀን መጠበቅ ለቤቱ ባለቤት መብቱ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም አይቃወምም።

ሲሊኮን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሥራው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በሚገናኙበት ቦታ እንቅስቃሴን መቀበል ነው፤ ግድግዳና ወለል፣ ግድግዳና ግድግዳ፣ ሴራሚክና የፕላስቲክ ሻወር ገበቴ። በእነዚህ ጥጎች የሲሚንቶ ሙሊት አይገባም፤ ይሰነጠቃል። ሱቅ ውስጥ ከሚገኙት ሲሊኮኖች አንዱ ዓይነት ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ ይሰጣል። ይህ ዓይነት ለመስታወትና ለሴራሚክ ይሆናል፤ ሲሚንቶ፣ እምነ በረድና ባዶ ብረት በሚነካበት ቦታ ግን ሽታ የሌለው ገለልተኛው ይመረጣል። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ስላለው የዋጋው ልዩነት ያዋጣል።

አሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ ሲሊኮን መደረብ ከልማዶቹ ሁሉ በጣም የተስፋፋውና ከንቱው ነው። በደረቀ ሲሊኮን ላይ አዲሱን ጨምሮ ምንም ነገር በደንብ አይጣበቅም። አሮጌው በቢላ ከሁለቱም ጠርዝ ተቆርጦ ይወጣል፣ ቅሪቱ ይፋቃል፣ ቦታው በአልኮል ይወለወላል፣ ከዚያም ሙሉ ቀን ሻወሩ ሳይነካ ይደርቃል። የክፍተቱ ስፋት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ጥልቅ ከሆነ ከሥሩ የስፖንጅ ገመድ ይገባበታል፤ ሲሊኮኑ ከሁለቱ ጎኖች ጋር ብቻ ከተያዘ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ከሥርም ከተያዘ ግን ይቀደዳል። የፕላስቲክ ገበቴ ከሆነ ሲሊኮኑ ከመፍሰሱ በፊት ገበቴው ውሃ ተሞልቶ እንዲወርድ ይደረግና ሲሊኮኑ እስኪደርቅ እንደተሞላ ይቆያል። አለበለዚያ ሰው ሲቆምበት ገበቴው ይወርዳል፣ አዲሱም ሲሊኮን በመጀመሪያው ቀን ይላቀቃል። አንድ ቀን፣ ማለትም 24 ሰዓት፣ ሳይሞላ ሻወር አይከፈትም።

ከጥጎቹ ሌላ ብዙም የማይታወቅ የውሃ መግቢያ አለ። የሻወሩ ቧንቧ ከግድግዳው በሚወጣበት ቦታ ሴራሚኩ በክብ ይቆረጣል፣ ቁርጡም በሚያብረቀርቅ ክብ መሸፈኛ ይደበቃል። መሸፈኛው ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚታየው አውራ ጣት የሚያስገባ ባዶ ቀዳዳ ነው። ሰው በታጠበ ቁጥር በቧንቧው ላይ የሚወርደው ውሃ በዚያ ቀዳዳ ወደ ግድግዳው ሆድ ይገባል። ቀዳዳውን በሲሊኮን መሙላት፣ መሸፈኛውንም ዙሪያውን አሽጎ ከታች በኩል ትንሽ መውጫ መተው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ከኋላው ውሃ ቢጠራቀም በዚያች መውጫ ወጥቶ ይታያል።

በውጭ አገር በመኪና የሚጎተቱ ተጎታች ቤቶች የሚላቀቅ መገጣጠሚያን ችግር በሌላ መልኩ ያውቁታል። ግድግዳቸው በእንጨት ወይም በአልሙኒየም አጥንት ላይ የተለበጠ ስስ ሰሌዳ ነው፤ ገበቴው ፕላስቲክ ነው፤ ውሃው በ12 ቮልት ፓምፕ ይገፋል፤ መንገዱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ባለቤቶቹ በየጉዞው መገጣጠሚያዎቹን ይፈትሻሉ፣ በክረምትም ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቅ መስመሩን ባዶ ያደርጋሉ። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው በመንገድ ሥራ ካምፖች የሚታየው የኮንቴይነር ቤት ነው፤ ተጭኖ ከቦታ ቦታ በተዘዋወረ ቁጥር ጥጎቹ ይከፈታሉ። በሐይቅ ከተማ ቧንቧ የሚሰነጥቅ ውርጭ አያሳስብም። ከተጎታች ቤት የሚወሰደው ትምህርት ግን ለጭቃ ቤት በትክክል ይሠራል፤ የሚንቀሳቀስ ግድግዳ ላይ የተሠራ መገጣጠሚያ በየጊዜው መታየት አለበት።

ቧንቧውን በተመለከተ፣ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ መቅበር ስህተት ነው። ከግድግዳው ፊት በማቀፊያ ተይዞ ቢሄድ ያን ያህል አያምርም፤ ቢያፈስ ግን በዚያው ቀን ይታያል፣ ምንም ሳይፈርስ ይጠገናል። የተቀበረው ለወራት ሲያፈስ ቆይቶ በግድግዳው ውድቀት ይታወቃል። በቆዩ ቤቶች የሚገኘው የብረት ቧንቧ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ብረቱ አንዴ ውሃ አንዴ አየር ስለሚገባበት ቶሎ ይዝጋል፤ ፈረቃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማ ውሃ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

አሁን በአብዛኛው የሚገጠመው በሙቀት የሚበየደው ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። የመበየጃው ካውያ 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሜትሩ 7 ሰከንድ ይሞቅና ሳይሽከረከር ቀጥ ብሎ ይገባል። ከበዛ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ መተላለፊያውን ያጠባል። መብራት በተቆራረጠ ቁጥር ደግሞ ካውያው ይቀዘቅዛል፤ ሠራተኛው ሳያስተውል በቀዘቀዘ ካውያ የበየደው መገጣጠሚያ ላይ ላዩን ተጣብቆ በደካማ ግፊት ይቆይና ፓምፕ የተገጠመ ዕለት ይላቀቃል። ስለዚህ መስመሩ ከመሸፈኑ በፊት በእጅ መግፊያ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ተሞልቶ መርፌው ሳይወርድ መቆየቱ ይታያል። ፀሐይ የሚያገኘው የውጭ ቧንቧ ደግሞ ይሸፈናል፤ ፀሐይ ፕላስቲክን በጥቂት ዓመታት ተሰባሪ ታደርጋለች።

ጥርስ ባለው መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን የሚጠመጠመው ጥርሱ ወደሚገባበት አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲጠብቅ ይገለበጣል። ለብረትና ለነሐስ ትልልቅ ጥርሶች ቃጫ ከማጣበቂያ ጋር አሁንም አስተማማኝ ነው። ለፕላስቲክ ጥርስ ግን ቃጫ አይሆንም፤ አብጦ ሴቴውን ይሰነጥቀዋል። ፕላስቲክ በእጅ ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ቢጨመርለት ይበቃዋል። ያፈሰሰን የፕላስቲክ መገጣጠሚያ በኃይል ማጥበቅ ትንሹን ማንጠባጠብ ወደ ትልቅ ስንጥቅ ይለውጠዋል።

ሮቶ፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የግፊቱ ምንጭ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። የሮቶው መቀመጫ ከወለሉ 4 ሜትር፣ የሻወሩ ራስ ደግሞ 2 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ሮቶው ሊያልቅ ሲል ለሻወሩ የሚደርሰው 0.2 ባር ብቻ ነው። ብዙዎች ይህን ለማሻሻል ፓምፕ ይጨምራሉ። ፓምፑ ግፊቱን ወደ 2 ወይም 3 ባር ሲያነሳው 10 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ለዓመታት ዝም ያለ መገጣጠሚያ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድካሙን ያሳያል። ፓምፕ ከመጨመር በፊት መስመሩን መፈተሽ፣ ከቆጣሪው በኋላም ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቼክ ቫልቭ ማስገባት ይገባል። ፈረቃው ሲያልፍ ዋናው መስመር ባዶ ሆኖ ይስባል፤ ባልዲ ውስጥ የተነከረ ጎማ ካለ የባልዲውን ውሃ ወደ ንጹሑ መስመር ይወስደዋል።

የሚያፈስ መስመርን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። በፈረቃው ሰዓት ቧንቧዎቹ ሁሉና የሮቶው መግቢያ ተዘግተው የቆጣሪው ትንሿ ጥርስ ከዞረች የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። ለሮቶው ደግሞ ማታ መግቢያው ይዘጋል፣ የውሃው ልክ ይታያል፣ ጠዋት ይነጻጸራል። ትንሽ የሚመስለው ጠብታ ሲቆጠር ትንሽ አይደለም። በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ተብሎ ቢታሰብ፣ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር 130 ሊትር ያህል ያፈሳል። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ተኩል ነው። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ አንዲት ጎማ ናት። በአዲሶቹ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው የሴራሚክ ካርትሪጅ ሲያፈስም ከመጣሉ በፊት በአቼቶ ተዘፍዝፎ ነጩ ቅርፊት ቢለቅለት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የሻወር ራስም እንዲሁ።

ሮቶው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢታጠብ መልካም ነው፤ አንዱ ከክረምት በኋላ፣ ውሃው ከደፈረሰበት ወር ማግሥት ይሁን። ደለሉ ከወጣና ግድግዳው ከተፋቀ በኋላ ለ1,000 ሊትር ውሃ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና 1 ሊትር ይጨመራል፤ ቧንቧዎቹ ሽታው እስኪመጣ ተከፍተው ይዘጋሉ፤ 12 ሰዓት ቆይቶ ሁሉም ይፈስሳል። ይህ ውሃ አይጠጣም፣ ወደ ጅረትም አይለቀቅም፤ ዓሣ ይገድላል።

ቦይለር ላይ ቸልታ ሕይወት ያስከፍላል። 50 ሊትሩ ውሃ ሲሞላ ከ65 ኪሎ በላይ ይመዝናልና በጭቃ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ በብሎኬቱ ላይ ወይም ከወለል በተነሳ የብረት መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለችው የደኅንነት ቫልቭ ውሃው ሲሞቅ ማንጠባጠቧ ብልሽት አይደለም። 50 ሊትር ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ በ0.9 ሊትር ያህል ይሰፋል፣ የሚወጣውም በእሷ ነው። አፏን በቡሽ መድፈን ቦይለሩን ቦምብ ማድረግ ነው። ውሃ በሌለበት ፈረቃ ቦይለር አይለኮስም፤ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ይቃጠላል። ወደ መሬት የሚያወርድ የደኅንነት ሽቦና በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ መከላከያ የሌለው ቦይለር በእርጥብ ወለል ላይ ለቆመ ሰው አደጋ ነው፤ በሌላ ነገር መቆጠብ ይቻላል፣ በዚህ ግን አይቻልም።

በፍሳሹ በኩል ጠባቂው ሲፎን ነው። በውስጡ የሚቆመው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ የጉድጓዱን ጋዝ ከክፍሉ ይለያል። ለእንግዳ የሚከራዩ ክፍሎች ባሉበት እንደ ሐይቅ ባለ ከተማ የሚደጋገመው ቅሬታ የሽታ ነው። ክፍሉ ለሳምንታት ሲዘጋ የሲፎኑ ውሃ ይደርቃል። ለኅዳር 26፣ ለአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚመጣ እንግዳ ሲገባ የሚቀበለው የጉድጓድ ሽታ ይሆናል። መፍትሔው ከእንግዳው መምጣት በፊት በየመውረጃው ግማሽ ሊትር ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ክፍሉ እንደገና ሲዘጋ ጥቂት የምግብ ዘይት ከላይ ቢደረግበት ትነቱን ያዘገያል። ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ሲፎኑ እየተንቦጫቦጨ የሚጠጣ ከሆነ ግን ችግሩ የመተንፈሻ ቧንቧ አለመኖሩ ነው፤ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። የፀጉርና የሳሙና ጥርቅም በእጅ ተነስቶ ይጣላል። አሲድ ማፍሰስ ቧንቧውንም ሰውንም ይጎዳል።

ከሲፎኑ ያለፈው ውሃ የሚሄድበት ቦታ በሐይቅ ከሌላው ከተማ ይልቅ ያሳስባል። የሐይቅ ሐይቅ በወንዝ የሚወጣ ውሃ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ ተነስቶ በአንከርካ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ይገባበታል፤ የሚወጣው ግን በትነትና በመሬት ውስጥ ስርገት ብቻ ነው። ከየጓሮው የሚሰርግ ሳሙናና ፍሳሽ ወደ ሌላ አገር የሚወስደው ወንዝ ስለሌለ እዚያው ይቀራል፤ አልጌን ያበዛል፤ በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ሐይቁ የገባው የቲላፒያ ዓሣ የሚኖረውም በዚሁ ውሃ ነው። ስለዚህ የመጸዳጃ ቤቱና የሻወሩ ፍሳሽ ቢለያይ ይመረጣል። የሻወሩ ውሃ ፀጉርና ሳሙና በሚያስቀር ትንሽ የጠጠር ጉድጓድ አልፎ ለጌሾና ለሙዝ ሥር ሊውል ይችላል፤ ጥሬ ለሚበላ አትክልት አይሆንም። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ፣ ከጅረትና ከሐይቁ ዳር ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል፤ መሬቱ ወደ ሐይቁ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። ታችኛው ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው 2 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፣ ልኩም የሚታወቀው በነሐሴ እንጂ በግንቦት አይደለም። ሲሞላ በፍሳሽ መኪና ይመጠጣል፤ የተመጠጠውም ወደ አንከርካም ሆነ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ ላይ መደፋት የለበትም።